የልጆች የሥነ ልቦና ምዘና ሥራ፦ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይስ የግል ቢሮ?

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ደወለልኝ። የጓደኛዬ የአክስት ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሳይኮሎጂ ተመርቆ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። «ጋሼ፣ ያ ልጆችን የሚፈትኑበት ሥራ እንዴት ነው የሚገባበት? ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ ሆስፒታል?» አለኝ። አርባ ደቂቃ አወራን። ግማሹን ሳልነግረው ተሳፋሪ መጣበትና ዘጋ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፤ ለሌሎቻችሁም ይሆናል።

ለማያውቀው ሰው ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ጥያቄ ይመጣል። ልጁ ለምን ማንበብ አቃተው? ለምን አርፎ አይቀመጥም? አራት ዓመት ሞልቶት ለምን አይናገርም? ከልጁ ጋር ጠረጴዛ ትይዛላችሁ። ብሎክ ይገጣጥማል፣ ቁጥር ሰምቶ ይደግማል፣ ሥዕል አይቶ ይናገራል። ወላጅ ታነጋግራላችሁ። አስተማሪው መጠይቅ ይሞላል። ክፍል ገብታችሁ ጥግ ላይ ቁጭ ብላችሁ ልጁን ታያላችሁ። ከዚያ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት የዌክስለር የልጆች የአእምሮ ችሎታ ፈተና አምስተኛ እትም የወጣው በ2014 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን ዋናው ክፍል አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሪፖርቱ ግን በአንድ ሰዓት አያልቅም። መጻፍ የሚጠላ ሰው ከአሁኑ ሌላ ሙያ ይፈልግ፤ የምሬን ነው።

ደሞዝም የእረፍት ቀንም አስፈላጊ ነው። እኔ ግን የሥራ ቦታዎቹን የማወዳድረው መጀመሪያ በአንድ ነገር ነው፦ ጥያቄውን ያመጣው ማን ነው? ትምህርት ቤት ጥያቄውን የሚያመጣው ሕጉ ነው። ሆስፒታል ሐኪሙ ነው። የግል ቢሮ ወላጁ ነው። ፍርድ ቤት ዳኛው ነው። ጠያቂው ሲለወጥ ከልጁ ጋር የምታሳልፉት ሰዓት፣ የምትጽፉት ገጽ፣ ማታ ቤት ይዛችሁት የምትገቡት ሐሳብ ሁሉ አብሮ ይለወጣል።

ትምህርት ቤት

እኔ ስኩል ሳይኮሎጂስት (ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን የሚመዝን ባለሙያ) ሆኜ ያለሁት እዚህ ስለሆነ ብዙ የማወራው ስለዚህ ነው፣ ታገሱኝ።

አሜሪካ በ1975 ባወጣችው ሕግ ማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ፈልጎ፣ መዝኖ፣ በነፃ ማስተማር አለበት። ሕጉ ዛሬ «አይዲያ» በሚለው አጠራር ነው የሚታወቀው። ልጁ ድጋፍ እንዲያገኝ ከ13 ምድቦች በአንዱ መግባት አለበት፤ ችግሩም ትምህርቱን የሚጎዳ መሆን አለበት። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ጥያቄ ጠባብ ነው፦ «ይህ ልጅ በሕጉ መሠረት ይገባዋል ወይስ አይገባውም?»

ቀን ይቆጠራል። በፌዴራሉ ሕግ ወላጅ ከፈረመ በኋላ 60 ቀን ነው፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ካላወጣ። ቨርጂኒያ የራሷን አውጥታለች፤ ጥያቄው ከገባ ጀምሮ 65 የሥራ ቀን። በተጨማሪ ድጋፍ ላይ ያለ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይታያል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ይከመራል። ትንሣኤን በሪፖርት መሐል ያሳለፍኩባቸው ዓመታት አሉ።

የስኩል ሳይኮሎጂስቶች ብሔራዊ ማኅበር የሚመክረው ለ500 ተማሪ አንድ ባለሙያ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለው ግን አንድ ለ1,000 እንኳ አልደረሰም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት ተሰጠኝ። አንደኛው ውስጥ የተሰጠኝ ክፍል የወረቀት ማስቀመጫ ነበር። በር የለውም። ከጎኑ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ አለ። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ቁጥር እየሰማ ወደ ኋላ እንዲደግም እየጠየቅሁት ማሽኑ ተነሳ። ልጁ ዞር ብሎ ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት መቁጠር ጀመረ። «ሰላሳ አንድ፣ ሰላሳ ሁለት…» በትክክል ቆጠረ። የኔን ቁጥር ግን አላገኘውም። ያን ቀን የሰበሰብኩትን ውጤት ጥዬ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ለምኜ፣ በሌላ ፈተና እንደገና ጀመርኩ። ያኛውን ወዲያው መድገም አይቻልም፤ ልጁ አንዴ አይቶታላ።

የትምህርት መንገዱ ከሆስፒታሉ ያጥራል። 60 ክሬዲት የሚሆን የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ ከዚያ 1,200 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፣ ቢያንስ 600ው ትምህርት ቤት ውስጥ። ፕራክሲስ የሚባል ፈተናም አለ። ሦስት ዓመት በሉት። በዚህ አካባቢ ጆርጅ ሜሰንና ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። የአገር ቤት ዲግሪያችሁ ተገምግሞ ለመግቢያ ያገለግላል፤ ስልጠናውን ግን አይተካም። ማንም ይህን ቀድሞ ስለማይናገር ነው የምነግራችሁ።

ደሞዙ ብዙ ጊዜ በአስተማሪዎች ስኬል ወይም እሱን በሚመስል ስኬል ነው፤ ዓመታችሁንና ዲግሪያችሁን ስትነግሩኝ ስንት እንደምታገኙ ከካውንቲው ድረ ገጽ አንብቤ እነግራችኋለሁ። ድርድር የሚባል ነገር የለም። በአንጻሩ ጡረታ አለ፣ የክረምት እረፍት አለ፣ የጤና ኢንሹራንስ አለ። የተማሪ ብድር ያለበት ሰው ደግሞ የመንግሥት ሥራ ላይ ሆኖ 120 ወር በትክክል ከከፈለ ቀሪው የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ትምህርት ቤት «ኦቲዝም» ብሎ ሲመድብ የትምህርት ምድብ ነው። የሐኪም ምርመራ ውጤት አይደለም። እናቶች ወረቀቱን ይዘው ኢንሹራንስ ዘንድ ይሄዱና «የሐኪም አምጪ» ተብለው ይመለሳሉ። ይህን በስብሰባው ላይ ራሳችሁ ካልነገራችኋቸው ማንም አይነግራቸውም።

እናቶች «ዶክተር» ይሉኛል። «ዶክተር አይደለሁም» እላለሁ። «እሺ ዶክተር» ይላሉ።

ሆስፒታል

እዚህ ጥያቄው «በሽታው ምንድን ነው? አንጎሉ ላይ ምን አደረሰ?» የሚል ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የደም ካንሰር ሕክምና ጨርሶ ትምህርት የከበደው፣ መኪና የገጨው ልጅ ይመጣል። ከነርቭ ሐኪም፣ ከንግግር ባለሙያ፣ ከሶሻል ወርከር ጋር ነው የምትሠሩት። ለእውቀት ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ለኛ ቅርብ የሆነው ባልቲሞር ራሱ የታሪክ ቦታ ነው፤ ሊዮ ካነር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆኖ በ1943 አሥራ አንድ ልጆችን ገልጾ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው እዚያ ነው። ከ1937 ጀምሮ ልጆችን የሚያክመው ኬኔዲ ክሪገርም እዚያው ከተማ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ ቺልድረንስ ናሽናል አለ።

ግን ዶክትሬት ይጠይቃል። አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት ዓመት። የመጨረሻው ዓመት ኢንተርንሺፕ ነው፤ ቦታው አመልካቹና ተቋሙ እርስ በርስ በሚመራረጡበት አገር አቀፍ ድልድል ስለሚገኝ ቤተሰብ ይዞ ሌላ ክፍለ ግዛት መሄድ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ 225 ጥያቄ ያለው የላይሰንስ ፈተና አለ። የአንጎልና የባህርይን ግንኙነት የሚያጠናው የኒውሮሳይኮሎጂ ዘርፍ ከፈለጋችሁ ሌላ ሁለት ዓመት ትጨምራላችሁ። ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ከምርምር ይልቅ በተግባር ሥራ ላይ የሚያተኩሩት፣ ሳይዲ (PsyD) የሚባሉት ዶክትሬቶች ግን ብዙዎቹ ከኪስ ናቸው። ሁለቱን ሳትለዩ እንዳትፈርሙ፤ ልዩነቱ የቤት ብድር ያህል ሊሆን ይችላል።

ሌላው የኢንሹራንሱ ነገር ነው። ከ2019 ጀምሮ የምዘና ክፍያ ኮዶች ተለውጠዋል። ፈተናውን መስጠት በ30 ደቂቃ፣ መተርጎምና ሪፖርት መጻፍ በሰዓት ይቆጠራል። ስለዚህ ደቂቃ እየመዘገባችሁ ትሠራላችሁ። ወረፋው ወራት ነው። ልጁን አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ታዩታላችሁ፤ ውጤቱን ለወላጅ ትነግራላችሁ፤ በቃ። ከዚያ የት እንደደረሰ አታውቁም። እኔ ደግሞ ያ ወረቀት የሚቆጥረው ልጅ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ኮሪደር ላይ እየሮጠ ሲያልፈኝ ነው የማየው። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ምንም አይደለም። ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዶክትሬት ሳይኖራችሁ ሆስፒታሉን ከውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ ሳይኮሜትሪስት የሚባል ሥራ አለ። ፈተናውን የሚሰጠውና የሚያርመው እሱ ነው፤ ውጤቱን የሚተረጉመው ላይሰንስ ያለው ሳይኮሎጂስት ነው። በብዙ ቦታ የመጀመሪያ ዲግሪና በቦታው የሚሰጥ ስልጠና ይበቃል። ክፍያው ብዙም አይደለም። ቢሆንም ለደወለልኝ ልጅ መጀመሪያ የነገርኩት ይህን ነው። ሰባት ዓመት ከመስጠት በፊት ስድስት ወር ከልጆች ጋር ጠረጴዛ ይዞ ይሞክረው። አንዳንዱ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ መመሪያ ቃል በቃል መደጋገም ይሰለቸዋል። መሰልቸቱን ያኔ ማወቅ ርካሽ ነው።

የግል ቢሮ

ጥያቄው የወላጅ ስለሆነ ሰፊ ነው። «ልጄን ንገሩኝ» ብለው ነው የሚመጡት። ሙሉ ቀን መስጠት ትችላላችሁ፣ ሃያ ገጽ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ቅዳሜ መሥራት ትችላላችሁ። በዚህ አካባቢ የአንድ ሙሉ ምዘና ዋጋ ከ3,000 ዶላር በላይ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ብዙዎቹ ኢንሹራንስ አይቀበሉም።

ደስ የሚል ይመስላል። ግን ሂሳቡን ሥሩ። አንድ የዌክስለር የፈተና ዕቃ ሳጥን ብቻውን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ በአንድ ሳጥን ደግሞ ቢሮ አይከፈትም። ኪራይ፣ የሙያ ኢንሹራንስ፣ በየሩብ ዓመቱ ታክስ አለ። ታማችሁ ከቀራችሁ ገቢ የለም። ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ የከፈለ ወላጅ መልስ ይዞ ይመጣል። ለትልቅ ፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው ልጁ የትኩረት ችግር አለበት እንዲባል የሚፈልግ አለ። «የለበትም» ብሎ ጽፎ ሂሳቡን መቀበል ወኔ ይጠይቃል።

ጥሩ መስኮትም አለው። ወላጅ የትምህርት ቤቱን ምዘና ካልተስማማበት ገለልተኛ ምዘና በመንግሥት ወጪ መጠየቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል ወይ የራሱ ምዘና ትክክል መሆኑን በክርክር ያስረዳል። ይህን መብት የሚያውቅ ሐበሻ ወላጅ ስንት ነው? በጣም ጥቂት። ቨርጂኒያ ደግሞ በማስተርስ ደረጃ ለሠለጠነ ስኩል ሳይኮሎጂስት ከትምህርት ቤት ውጭ የሚሠራበት ላይሰንስ ስላላት፣ ዶክትሬት ባይኖራችሁም በሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

በግል ቢሮ አትጀምሩ። ብቻችሁን ስትሠሩ ስህተታችሁን የሚያይ የለም።

ፍርድ ቤቱን በአጭሩ። ልጅ ማን ያሳድግ በሚል ክርክር ውስጥ የሚሠራ ምዘና አለ። ይከፍላል። ሪፖርቱ ለዳኛ ይሄዳል፣ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ መጥላቱ አይቀርም፣ ጠበቃ መስመር በመስመር ያወጣጣችኋል። አሥር ዓመት ልምድ ሳይኖር የሚገባበት አይደለም።

አማርኛ የት ይጠቅማል?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው፣ እኔም ብዙ የማስበው ስለዚህ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘጠኝ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዝግመት አለባቸው ተብለው ተመደቡና ጉዳዩ በ1970 ፍርድ ቤት ደረሰ። በቋንቋቸው ሲፈተኑ አብዛኞቹ ምንም አልነበረባቸውም። ክሱ ከልጆቹ በአንዷ፣ በዲያና ስም ይጠራል። ዛሬ ሕጉ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል። እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ምክንያት ብቻ ልጅን «ችግር አለበት» ማለትም ክልክል ነው።

ትእዛዙ ጥሩ ነው። እጃችን ላይ ያሉት ዋና ዋና ፈተናዎች ግን የተለኩት በአሜሪካ ልጆች ነው። ጥያቄውን እኔ በአፌ ወደ አማርኛ ብመልሰው ቁጥሩ ቁጥር መሆኑ ይቀራል፤ የቱ ጥያቄ እንደከበደ የቱ እንደቀለለ አላውቅማ። ስለዚህ ቃል የማይፈልጉ ፈተናዎችን እጨምራለሁ፣ ከቤተሰብ ጋር ረጅም ሰዓት እቀመጣለሁ፣ ልጁ ሲማር እንዴት እንደሚለወጥ አያለሁ። የመጨረሻው ሐሳብ ከኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1980ዎቹ በሙሴ ዘመቻ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ልጆች በተለመደው ፈተና ዝቅ ብለው ሲገኙ፣ ኢየሩሳሌም የነበረው ሩቨን ፎየርስታይን በራሱ መንገድ አያቸው፦ ፈትን፣ አስተምር፣ እንደገና ፈትን። የሚለካው ልጁ ዛሬ የሚያውቀው ሳይሆን ሲያሳዩት የሚይዘው ነው።

መጠይቁ ላይ ያለው ወጥመድ ግን ከፈተናው ይብሳል። ልጁ ራሱን ችሎ ይበላል ወይ የሚል ሐሳብ ያለባቸው መጠይቆች አሉ። አንዲት እናት ስለ ስድስት ዓመት ልጇ «አይበላም» ብላ ሞላች። ደነገጥኩ። ስጠይቃት አያቱ ናቸው የሚያጎርሱት። «እሳቸው እያሉ እሱ እንዴት ይበላል?» አለችኝ። ልጁ ትምህርት ቤት ፒዛውን ማንም ሳይረዳው ይጨርሳል። አስተርጓሚ በስልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ መልስ እንደ ድክመት ተቆጥሮ ነጥቡ ይወርድ ነበር። ትልቅ ሰው ዓይን አለማየትም እንዲሁ ነው። አስተማሪዋ «ዓይን አይገጥምም» ብላ ለኦቲዝም ትጠረጥራለች፤ እናቱ «ጨዋ ነው» ትላለች። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። የእኔ ሥራ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ዓይን ያያል ወይ ብዬ ሄጄ ማየት ነው። አንዳንዴ ከእኩዮቹም አያይም። ያኔ ደግሞ «ባህል ነው» ብሎ ማለፍ ልጁን መጉዳት ነው።

እንግዲህ አማርኛችሁ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቻችን ያሉት እዚያ ስለሆነ። ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ለአስተርጓሚ የራሱ ደንብ አለው፤ ቋንቋውን ብትችሉም እስክትፈተኑ ዝም እንድትሉ ሊነገራችሁ ይችላል። የግል ቢሮ የሚከፍል ቤተሰብ ሲመጣ ብቻ ነው።

ዋጋም አለው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚችል ሰው መሆናችሁ ሲታወቅ የአውቶቡስ ጉዳይ ሳይቀር ወደ እናንተ ይመጣል፣ ያለ ክፍያ። ሌላም አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሪፖርቷን የጻፍኩላት እናት ከሩቅ አየችኝና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዞረች። አልተከፋሁም። ሰላም አላልኳትም፤ እሷ ቀድማ ሰላም ካላለችኝ እንዳላወቀ ማለፍ ነው ያለብኝ። ሚስቴ ግን «ትዕቢተኛ ሆንክ» አለችኝ። ምክንያቱን ልነግራትም አልችልም።

ታዲያ ማን የት ይሂድ?

ልጆች ያላችሁ፣ ቶሎ ደሞዝ የሚያስፈልጋችሁ፣ አንድ ልጅ ሲያድግ ማየት የምትወዱ፦ ትምህርት ቤት፣ ሳታመነቱ። ከሠላሳ በታች ከሆናችሁ፣ አንጎል የሚያስደንቃችሁ ከሆነ፣ የተከፈለ ፒኤችዲ ካገኛችሁ፦ ሆስፒታል። ለሁለቱም እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሳይኮሜትሪስት ሆናችሁ ጀምሩ። የግል ቢሮን ከሌላ ሥራ ጎን፣ በወር አንድ ሁለት ልጅ እየያዛችሁ ድረሱበት። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ኢንተርቪው ስትሄዱ ደግሞ ስለ ራዕይና ተልዕኮ አትጠይቁ። ስንት ትምህርት ቤት ይሰጠኛል? ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ስንት ምዘና ሠራ? ሪፖርት የምጽፍበት ቀን በሳምንት አለኝ? እነዚህን ጠይቁ። መጨረሻ ላይ «የምፈትንበትን ክፍል ላየው እችላለሁ?» በሉ። በር እንዳለው እዩ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ የት እንደሆነም እዩ።